ደለል

ሐሙስ ነው። ከከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ወጥቼ፣
አሥራ ሰባት መጽሐፍ በማዳበሪያ ቋጥሬ አንግቼ፣
ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ አፍንጫውን ወደ ቋጠሮው አዘነበለው፤
«ጫት ነው እንዴ?» አለኝ። «ነው» አልኩት፣ «ቀትር ዋጋውን የማይጥለው።»
ሳቀ። ሂሳቡን ግን አልቀነሰም።

በሩ ላይ ሳጅን ውብአንተ አለ፤
ስንቱን ስንቅ በርብሮ፣ ስንቱን ፌስታል የፈለፈለ።
ዳቦ ይገምሳል፣ ስለት እንዳይኖርበት፤
ሳሙና በሽቦ ይወጋል፣ ሆድ ዕቃው እስኪታይ በስቶት።
መጽሐፍ ሲመጣ ግን ይጨንቀዋል።
በየት በኩል ይወጋል? በየት በኩል ይገመሳል?
ወፍራሙን ልባስ ይገነጥላል፣ ደንብ ነው፤
ከዚያ እንደሚታረድ ዶሮ ዘቅዝቆ ያራግፋል።

ዛሬ ከአንዱ ሆድ አሸዋ ፈሰሰ፤
ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፣ በእጁ ላብ ተለወሰ።
«ይሄ ምንድን ነው?»

ደቻቱ ነው፣ ሳጅን።
የዘጠና ስምንቱ፣ የዚያ የነሐሴ ሌሊት፤
ሳያንኳኳ የገባው እኛ ቤት፣
መደርደሪያውን ከነምስማሩ የነቀለው፣
የአባቴን ወንበር እንደ ታንኳ ይዞት የኮበለለው።
ሲነጋ ከጭቃው የመዘዝነው ይህን አንዱን ነበር፤
ገጽ ከገጽ አላቀን፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ፣ በጠጠር
ጫፍ ጫፉን አስይዘን አደረቅነው።
ቃሉ ተረፈ። ደለሉም አብሮ ተረፈ፤
በስፌቱ ተሸሽጎ፣ እንደ ኮንትሮባንድ፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ኬላ አለፈ።

ይህን ሁሉ አላልኩም። «አሸዋ ነው» አልኩት።
መዝገቡን ሳበና ቀስ ብሎ ሲጽፍ አየሁት፦
«መጽሐፍ፤ አንድ፤ ያረጀ፤ አፈር ያለበት።»
እንዲህ ያለ አጭር፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሂስ አንብቤ አላውቅም።

ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ
«ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ተብሏል፤ ቀለሙ ተልጦ «ሙሉ» የምትለዋ አትታይ።
አንዱ «የወንጀል ሕግ አለሽ? ይግባኝ ልል ነው» ይላል፤
አንዱ ሽፋኑ ላይ ቆንጆ ያለችበትን ይፈልጋል፤
«ሽፋኑማ በር ላይ ቀረ» ሲሉት ከልቡ ያዝናል።
ሮብሌ ግን አይመርጥም። ፊደል አልቆጠረም።
ስሙ በእናቱ ቋንቋ «በዝናብ የተወለደ» ነው፤
እናቱንም የወሰዳት ዝናብ ነው።
ከዚህ በላይ አልነገረኝም።
የገባበትን ጉዳይም አልጠየቅሁት፤ እሱ የፍርድ ቤት ነው።

ያንን መጽሐፍ አነሣ። አልገለጠውም፤ አሸተተው፤
የአራስ ልጅ አናት እንደሚሸተት፣ አፍንጫውን ከመሐሉ ቀበረው።
«ይሄን አውቀዋለሁ» አለ።
ርዕሱን ሊጠራ መሰለኝ፣ እኔ ሞኟ።

ከዚያ ገለጠ። ቡናማዋን መስመር፣ ውኃው የደረሰበትን፣
በጣቱ ተከተላት፤ በላይዋ ነጩን፣ በታችዋ ወይቦ የቀረውን።
ጫፏ ላይ ሲደርስ ቆመ።
«እዚህ ጋ፣ ውኃው ያቆመበት ቃል፣ ምን ይላል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ትልቅ ቃል በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤
«ምሕረት» ወይ «እናት»፣ ቢያንስ ቢያንስ «ቤት»።
አልነበረም። ተራ ቃል ናት፣
ዓይን ዘሏት የሚሄድ፣ ማንም የማያያት፦
«‹ከዚያም› ይላል» አልኩት።

አራቱን ፊደል በጥፍሩ ቆጠራቸው።
ቅጠል አይነቃነቅም፤ ሙቀቱ የድሬ ነው።
ፊሽካ ተነፋ፤ ሳጅን ከበሩ ይጣራል፤
ሮብሌ መጽሐፉን አልመለሰልኝም።
«ከዚያም…» ይላል። «ከዚያስ?»