የዘይት ደብተር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ማዶ፣
አንዲት ዲኤክስ ቆማለች፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ነዶ።
ደላላው ሽመክት የተጣበቀውን መስኮት በመዳፉ ዝቅ አድርጎ፣
"ግባና እያት" አለኝ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ አንገቱን አስግጎ።

ገባሁ። ቆጣሪዋን አየሁ፦
ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ከምናምን።
ደንግጬ ዝም ብል፣ ዋጋ ላስቀንስ የያዝኩ መስሎት፣
ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ ሽመክት፦
"ቁጥሩ ካስፈራህ ንገረኝ፤ አንድ ልጅ አለ፣ በአስር ደቂቃ ይመልሰዋል።
እዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ማን በእውነተኛ ዕድሜው ይሸጣል?"

ሃያ ሰባት ወር ጠብቄ የዕቁቡ እጣ ሲወጣ፣
ያ ሁሉ ሰኞ፣ ያ ሁሉ ቁጠባ፣ አንድ ላይ ሲመጣ፣
ወለላ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳትተው፦
"የምትገዛው መኪና አይደለም፣ ጋራዥ ነው።"

እሷ ናት እንግዲህ፣ በሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት
ጭቃውን እየዘለለች፣ የቢሮ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ፣
የቃሊቲ ሚኒባስ ሰልፍ የምትይዝ፤
ጋቢና የደረሳት ቀን "ተመስገን" ብላ የምትደውልልኝ።

ኸይሩ መካኒኩ ኮፈኖውን ከፍቶ፣ ካቻቢቴ በጆሮው ተክሎ፣
ሞተሯን አዳመጠ፣ ሽመክትን "አንዴ ዝም!" ብሎ።
የዘይቱን ክዳን ፈታ። ጭሱን በመዳፉ ያዘ፣ አሸተተ።
"ሞተር አልተነካም" አለ።
"ታዲያ ጥሩ ነዋ!"
"ያልተነካ ማለት ገና ያልተከፈተ ማለት ነው" ብሎኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ወደ ኮዬ ፈጬ ዳገቱን ሞከርኳት።
በሁለተኛ ማርሽ አቃሰተች፤ ግን አልቆመችም።
ኮብልስቶኑ ላይ ስትንገጫገጭ ሬዲዮዋ ሳልነካው ተከፈተ፣
ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ግማሽ ቃል ተናግሮ ጠፋ።
ከኋላዬ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ነፋ።

ሻጩ ጋሽ ባንትይርጉ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል።
ሰላሳ አንድ ዓመት የመብራት ቆጣሪ አንብበዋል፣
በየሰው ደጅ፣ በየውሻው ፊት፣ በየአጥሩ ሥር።
"ሰው ቆጣሪ ሲነካካ ሳይ" አሉ፣ "እኔ ነኝ የማፍር።"
ለምን እንደሚሸጧት ጠየቅሁ።
"ማታ ማታ አንዱ መብራት ሁለት ሆኖ ይታየኛል።"

ከመሳቢያዋ ጥግ ላስቲክ የታሰረ ደብተር አወጡ፤ አነበብኩ፦

112,640፦ ዘይት። ሠናይት ተወለደች።
159,300፦ ካንዴላ። ለገሃር ላይ በዝናብ ቆምን።
203,075፦ ፍሪሲዮን። በብድር።
241,900፦ ዘይት። እማዬን ቀብረን ከአምቦ ተመለስን።
242,010፦ ምንም። ዝም ብዬ ነዳሁ።
318,020፦ ዘይት። ሠናይት ራሷ ነዳች፤ የጎረቤት አጥር ነካች።

ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም።
ሽመክት ሰዓቱን አየ። ኸይሩ ሲጋራውን ለኮሰ።
"ደብተሩም አብሮ ነው?" አልኩ።
ጋሽ ባንትይርጉ ላስቲኩን ቀስ ብለው መለሱና
ደብተሩን ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱ።
"መኪናዋን ውሰዳት፣ ልጄ፤ ስድስት መቶ ሰማንያ፣ የመጨረሻዬ ነው።
ደብተሩ ግን ስም አይዞርበትም።"

"እስከ ሰኞ ላስብበት" ብዬ በእግሬ ተመለስኩ።
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱቅ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዛሁ፣
ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፦

387,412፦ ገና አልገዛሁም።

ማታ ወለላ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው።
አነበበች። አልሳቀችም። ብዕሩን ከእጄ ወሰደች፤
ሥሩ፣ በዚያ በትንሹ ጽሕፈቷ፦

ሰኞ፣ 11፡00፦ ሰልፍ። ጫማ በፌስታል።