ሙሉ ሲቀነስ ባዶ

አንትወርፕ ወደብ ዳር፣ ከስኬልት ወንዝ ማዶ፣
ካሚዮን እመዝናለሁ፣ ሙሉውን ከባዶ።
ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ፤
ልዩነቱን መጻፍ፣ ይኸው ነው ደሞዜ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት አንድ ኪሎ አልሳትኩም፣
የሰው ስንዴ ስቆጥር የራሴን አልቆጠርኩም።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ጉልበቴ ደረጃ ላይ እንደ በር ሲጮህብኝ፣
ሐኪሙ ወደ ሊቨ ወረቀት ጻፈልኝ።
ሊቨ ቀጭን ሴት ናት፣ ሣቋ ግን ወፍራም፤
«ምን ምን ትበላለህ?» አለች። «ኧረ እኔ ምንም!
ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ላይ ጎመን ቆርጬ፣
ማታ ያገኘሁትን አንድ ሁለቴ ውጬ፤
ድሮም በተፈጥሮዬ አጥንተ ከባድ ነኝ።»
ሊቨ ምንም ሳትል ደብተር አቀበለችኝ።
«ካፍህ ደጅ ያለፈ ሁሉም ይጻፍ በቁጥር፤
‹ትንሽ› ግራም አይደለም፣ ‹ቆንጠር›ም አይቆጠር።»

ጻፍኩ።
ያፈርኩት በሁለተኛው ቀን ነው።

ጎመን ምን በወጣው! ቢበላ ሙሉ ድስት፣
ሲደመር ጭብጥ ነው፤ ጥፋቱ ከዘይት፤
አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን መቶ ሃያ፣
እኔ የማፈሰው ዓይኔን ጨፍኜ እንጂ መች ለክቼ በማንኪያ።

ሾፌሩ ያሬክ ደግሞ ከፖላንድ ሲመጣ፣
ሰላምታው ብስኩት ነው፣ ከኪሱ የሚያወጣ፤
አንዱ ለወዳጅነት፣ አንዱ ለዝናቡ፣
አንዱ ወረፋው ረዝሞ እንዳይደክም ልቡ።
አምስቱ ሲደመሩ ምሳዬን ያህላል፤
ፍቅርም ካሎሪ አለው፤ ይህን ማን ያስባል?

ቀመሩ ቀላል ነው፣ የኔው የሥራ ቀመር፦
ከገባው የወጣው ተቀንሶ፣ ቀሪው ይደመር።
ካሚዮን ያራገፈው ከመጋዘን ይቀራል፤
እኔ ዘንድ የቀረው ግን...
ለካ መጋዘኑ እኔ ነኝ፤ የሸሚዜ ቁልፍ ያውቃል።

ተርቤ አልኖርኩም። ሊቨም አልፈቀደች፤
«ሆድህን ሙላው፣ ግን በቀላሉ ነገር» አለች።
ኪያር ጥርስ ያለው ውኃ ነው፣ ሲነከስ ይጮኻል፤
እንጉዳይ ድስት ይሞላል፣ ሲመዘን ግን ያፍራል።
እንጆሪ በሰኔ፣ ከጎዳና ገበያ፣
ሙሉ ሣጥን ቢበላ የአንድ ማንኪያ ዘይት እኩያ።
የዚህ አገር ቺኮሪ ምርር ያለ ሆነብኝ፤
ሦስት ሳምንት ጠላሁት፣ በአራተኛው ናፈቀኝ።
ማታ በእግሬ እሄዳለሁ ከወንዙ ሥር በዋሻ፤
ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ለአንድ ብስኩት ማካካሻ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ጉም ወደቡን ዋጠው።
(ጉም የዋጠውን ማን ይጽፈዋል?)
አንድም መኪና አልመጣም።
ከሣጥን ቢሮዬ ወጥቼ፣
ሰው እንዳያየኝ ዞሬ አይቼ፣
ሃያ ጎማ የሚያርፍበት ብረት ላይ ቆምኩ
ጫማዬን አውልቄ ትቼ።
በመስኮቱ በኩል ቁጥሩ ቀይ ሆኖ በራ፦ መቶ።
በመስከረምም ቆሜ ነበር። ያኔም መቶ።

ታዲያ ስድስቱ ኪሎ የት ገባ?
ሊቨ በሚዛኗ ያየችው፣
እኔ በቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ የቆጠርኩት?
ቆይቶ ትዝ አለኝ፦
የኔ ሚዛን ሃያ ሃያ እየዘለለ ነው የሚቆጥረው፤
ከዚያ በታች ያለው ለሱ፣ ኧረ ምንም ነው።
ዐሥራ ሰባት ዓመት ያመንኩት ብረት
«ትንሽ»ን አያውቅም ለካ፣
ልክ እንደ እኔው።

ጫማዬን አጠለቅሁ።
ኪሴ ውስጥ የያሬክ ብስኩት ነበር፣ ከማሸጊያው የወጣ፣ የለሰለሰ።
ግማሹን ለባሕር ወፎች በተንኩት፤
ግማሹን በላሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እስኪያልቅ ቆሜ።
ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ግማሽ ብስኩት። ሠላሳ።
ጉም፦ አልተመዘነም።»

ከሩቅ ሁለት መብራት እየተንገዳገደ መጣ።
ሙሉ ነው፤ ከድምፁ አወቅሁ።