ፍቺ

ላይፕዚግ፣ ኅዳር ወር፤ ሰማዩ አመድ ለብሷል፣
በሦስተኛው ፎቅ ላይ ማሞቂያው ያፏጫል።
ፍራው ዚልከ ከጠረጴዛው የላስቲክ ዳሌ አነሣች፣
ገለበጠችና ውስጡን አሳየች።
«ይኸውልሽ እዚህ ታች፣ እንደ መረብ አልጋ የተወጠረ ሥጋ፣
ፊኛን ተሸክሞ፣ ማሕፀን ደግፎ፣ ሲመሽም ሲነጋ…»
አለችና ዞራ ጠበቀችኝ፤ ቃሉን።

አስተርጓሚ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
በእኔ አፍ አልፈዋል የፍርድ ቤት ቃሉ፣
የቤት ኪራይ ውሉ፣
ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ የጥርስ ሕመም ሁሉ።
ዛሬ ግን ምላሴ ከደጅ ቆመ ፈርቶ፤
ለዚህች እፍኝ ጡንቻ ስም ከወዴት መጥቶ?
«የዳሌ ወለል» አልኩ።
ስንዱ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ጣለች፤
«የቱ ወለል?» አለች።

የማውቀው አንድ ስም «ሀፍረተ ሥጋ» ነው፤
ገና ሲጠራ ነው አንገት የሚያስደፋው።
ሥጋውን ሀፍረት ብሎ ስም ያወጣ ሰው
ሲታመም በየት በኩል፣ ለማን ይናገረው?

ስንዱ ሦስት ወልዳለች፤ ሁለቱ መንታ ናቸው።
ስታስል ያመልጣታል። ስትስቅ ያመልጣታል።
መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሣ ያመልጣታል።
ጥቁር ሱሪ ብቻ ትገዛለች።
ሠርግ ሲጠሯት፣ ትከሻዋ እየበላት፣
ጥግ ይዛ ታጨበጭባለች፤ መዝለሉ ቀረባት።
ሌላም አለ። እሱን ድምጿን ቀንሳ፦
«ማታ ሲጠጋኝ ጎሳዬ፣ እጁን ከላዬ
አንሥቼ እዞራለሁ ወደ ግድግዳው፣ የተኛሁ መስዬ።
ዓመት አለፈው። ዛሬ እሱም አይጠጋኝም፤
ትራስ አለ በመሃል፤ ቃል አይወጣንም።»

ይህን ተረጎምኩ። ፍራው ዚልከ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም፤
ጻፈች። «ጡንቻ ነው» አለች፤ «ጡንቻ አያፍርም።
ይሠለጥናል እንጂ።»

«ጥርስ ሳትነክሺ፣ ሆድ ሳትወጥሪ፣
ትንፋሽሽን ሳታፍኚ፣ አንዲት የዱር እንጆሪ
በዚያ ጡንቻ እንደምታነሺ አስቢ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ።»
እንጆሪውን ትቼ «ሽምብራ» አልኳት።
ስንዱ በሳቅ ፈረሰች፤
በሳቁ መሃልም አመለጣት።

«ቋጥሪ» አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።
«ፍቺ።» እስከ አሥር።
መፍታቱም ሥራ ነው፤ ቋጥሮ የቀረ ጡንቻ
ያማል እንጂ አይጠቅምም፣ በመቋጠር ብቻ።
«ቋጥሪ። ፍቺ።»
ስንዱ ዓይኗን ገለጠች፤
«ፍቺ? ይቺን ቃል ጎሳዬም በቀደም አንሥቷት ነበር» አለች።
ተረጎምኩት፤ ግዴታዬ ነው። በጀርመንኛ ግን ሁለት ቃል ሆነ፣
ሕመሙ በመካከል ወድቆ ባከነ።

ስመለስ በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ።
እኔም ሁለት ወልጄ፣ ከቦርሳዬ ሥር
ቅያሪ ይዤ ስዞር፣ ለሰው ሳልናገር፣
ስድስት ዓመቴ። የሰው ገበና በደሞዝ ስፈታ፣
የራሴን ቆልፌው፣ በአፌ ቁልፍ ገጥሜ፣ ከጧት እስከ ማታ።
አጠገቤ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል።
ፊት ለፊት አንዲት ልጅ ውሻዋን ታሻሻለች።
ቋጠርኩ። እስከ አምስት። ማንም ቀና አላለም።
ፈታሁ።
ትራሙ ወደ ጣቢያው ታጠፈ።

ሚያዝያ። አሥረኛው ቀጠሮ። መስኮቱ ተከፍቷል።
ስንዱ ግራጫ ሱሪ ለብሳ መጣች።
«ትናንት ሦስቴ አስነጠሰኝ፤ ምንም!
ከባድ ካርቶን ሲሆን ግን አሁንም፣ አልፎ አልፎ…»
ፍራው ዚልከ ቁጥሩን ጻፈች።
«ሌላውስ?» ብላ ጠየቀች፤ ዓይኗ ከወረቀቱ ሳይነሣ።

ስንዱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ፣ አፏን በሻሿ ጋርዳ፣
«ይሄን አትተርጉሚው» ብላ፣ ስለ ትራሱ ነገረችኝ፤
ከትራሱም በኋላ፣
ሌሊት ማን ማንን እንደጠራ፣ እንዴት እንደ ሣቁ፣ ሲነጋ።
ወለል ብሎ ታየኝ።

ፍራው ዚልከ ብዕሯን አንሥታ
«ምን አለች?» ብትለኝ፣
«ፍቺ የለውም» አልኳት።