ወደብ ሃያ ሦስት

ሙሐረቅ። የባንኩ ሕንፃ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
እስከ አሥራ አንድ ተፈቅዶልናል፤ ሦስት ሰዓት ብቻ ናት።
ቢጁ በነጩ ሰሌዳ ሦስት እርከን ሣለ፣ አንዱን ካንዱ በላይ፦
ከላይ እምብርቱ፣ የማይተኛው፤ ከመሃል አከፋፋይ፤
ከታች መዳረሻው፣ ሰው የሚሰካበት፣
ስልክ፣ ካሜራ፣ ማተሚያ የሚንጠለጠልበት።
«ሥዕሉ ላይ የሌለ ሕንፃው ውስጥ የለም» አለና
የቀለሙን ክዳን ቀጭ አደረገ።

እኔ የታችኛው ነኝ። መሰላል ተሸካሚ፣
የጣሪያ ሰሌዳ ከፍቼ አቧራውን ቃሚ፣
ሰማያዊውን ከግራጫ፣ የሞተውን ከነቃ
በጣቴ ዳስሼ የምለይ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ በቃ።

እምብርቱ ተተካ። መሃሉም ተስማማ።
ሰባተኛ ፎቅ ላይ ግን አንዲት ወደብ፣ ሃያ ሦስት፣
ትርገበገባለች። ስም የላት፣ ምልክት።
«ማን ሰካት?»
«እንጃ።»
«ቁረጪያት፣ ጊዜ የለንም።»
እኔ ደግሞ ባዶ ላይ የሚያልቅ ገመድ አይቼ አላውቅም።

ተከተልኩት። ከጣሪያው በላይ፣ በማቀዝቀዣው ቱቦ ጎን፣
አንዴ በሲባጎ፣ አንዴ በፕላስተር፣
አንድ ቦታ ላይ በሻሽ መርፌ ተይዞ።
የባለሙያ እጅ አይደለም። የቸገረው ሰው እጅ ነው።
ከመጸዳጃው ጀርባ ወረደ፣ መጥረጊያ ወደሚቆምበት ክፍል፤
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ድምፅ፣ ባገሬ ቋንቋ፣ ዝቅ ሲል፦

«ሰባት ሲባዛ በስምንት?»

ዝም።
የዘገየው መስመሩ ይሁን ልጁ፣ አይታወቅም።
መዲና ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አቁማ፤
ከማዶ፣ ኮምቦልቻ፣ ዛሬ የሚፈተን ልጅ ጣቱን ይቆጥራል በጨለማ።
«ሃምሳ...»
«ሃምሳ ስንት?»
መልሱ ካፌ እንዳያመልጥ ምላሴን ነከስኩ።

ሬዲዮው ጮኸ፦ «ቆረጥሻት?»
«አልቆረጥኳትም። ጭነት አለባት።»
«የምን ጭነት?»
የትኛው እርከን ላይ ነው ልበለው?
«ከባድ» አልኩት።

ተመልሼ ከአሮጌው ነቀልኳት፣ ወደ አዲሱ ላሻግር፤
ጨለመች። ብርቱካን ሆነች። ሠላሳ ያህል ስቆጥር
(ለእናት ረጅም ነው፣ ለሚያስብ ልጅ ግን በቂ)
አረንጓዴ በራች።
ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ እጅ ባልዲ መታ፦ «ጎበዝ!»

ቢጁ በማያነበው ፊደል መለያ ጻፍኩላት፦ አትንኩ።
አንገቷ ላይ አሰርኩት።
አሥራ አንድ ሲሆን፣ በመስኮቱ፣ ታች ባሕሩ ዳር፣
ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፉ ነበር።
ፎርሙ ላይ «የተገኘ ስህተት» የሚል መስመር አለ፤
«የለም» ብዬ ፈረምኩ።