ከባጃጁ ጀርባ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ይዤ ስዞር፣
ከፒያሳ ተነሥቼ እስከ ሸዋ በር
ለየደጃፉ ስም እኔ ነበርኩ የማወጣው።
ሥጋ ቤቱን በቀይ፣ ፋርማሲውን በአረንጓዴ፣
ለፀጉር ቤቱ ጥቁር፣ ሙሉ ጎፈር፣
ለጫማ ሰፊው ደግሞ ጥንድ ሳይሆን አንድ እግር
(ሁለተኛውን መሣል ዋጋ ያስጨምር ነበር)።

ከዚያ ባነር መጣ።
እንደ ጦሳ ጉም ነው፤ ሲመጣ አይናገር፣
ሲሸፍን አያስቀር።
ሌሊት ታትሞ ጠዋት የሚሰቀል፣
በሁለት ክረምት የሚገረጣ።
ብሩሾቼን በጋዝ አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ
አልጋ ሥር ከተትኳቸው።
ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ወጣሁ» አልኩ፤
የሚከፍለኝ ማን እንደሆነ ግን
ማንም አልጠየቀኝ።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣
ጭቃው ባጃጁን ሁሉ ይዞ ሲያስጓራ፣
ፊቴ ከቆመው ባጃጅ ጀርባ ላይ
አንዲት ልጅ አየሁ፤
በሂጃቧ ላይ ማዳመጫ የደፋች፣
በጥቁር መነጽሯ ሁለት ትንንሽ ጦሳ የያዘች፣
በከንፈሯ ጥግ ብቻ የምትስቅ።
ቀለሙስ! ብርቱካናማና ሐምራዊ፣ ጎን ለጎን።
በልጅነቴ እንዲህ አጠጋግቼ ቢሆን
ሙያ ያስተማሩኝ ሰው በብሩሽ እጀታ
ጣቴን ይሉኝ ነበር።
እዚህ ግን አልተጣሉም፤
እንደ ሸንኮራና ጥርስ ተስማምተዋል።

ከሥሯ ጽሑፍ፦ «አብሽር፣ ዳገት ብቻ ነው።»
ያስደነገጠኝ ይሄኔ ነው።
የ«ገ» እግር ወደ ውጭ ረገጥ ያለ፣
የ«ሽ» ጎን ትንሽ ጎበጥ ያለ፤
የኔ እጅ ነው።
ባጃጁን ግን በጣቴ ነክቼው አላውቅም።

«ማነው የሠራልህ?»
«ራውዳ ናታ፣ የይመር ልጅ፣ የሆጤዋ።
በስልክ ነው ጋሼ፣ በጣቷ ነው የምትሥለው።»
በጣቷ!
እኔ ለአንድ ብሩሽ የፍየል ፀጉር ስመርጥ
ግማሽ ቀን የማጠፋው ሰውዬ።

ስልኳ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች
እንደ ሀረጎ መንገድ ይጠማዘዛል።
«እርስዎ ጋሽ አበጋዝ ነዎት?» ብላ
መልስ ሳትጠብቅ ማሳየት ጀመረች፦
አራት ዓመት በእግሯ ዞራ ያነሣችውን፣
ከባነር ሥር ተላጣ ብቅ ያለችውን «ሀ»፣
ከተዘጋው ዳቦ ቤት «መ»ን፣
ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ዝገት የበላትን «ቀ»፣
የሰው ዶሮ ቤት ጣሪያ ሆና የቀረችውን «ሰ»።
«አስተካከልሻቸው?» አልኳት።
«ለምን ብዬ?»
እንዳሉ ሰብስባ፣ ገበታ አድርጋ
ለሰፈሯ ልጆች ሰጥታቸዋለች።
ካናቴራ ላይ፣ የኳስ ቡድን ማልያ ላይ፣
ስሙን እኔ የማልይዘው የራፕ ዘፋኝ ፖስተር ላይ
እጄ ያለ እኔ ይዞራል።

«አንድ ብቻ አጣሁ» አለች። «ዠ የለችም።»

ሣቅኩ። በ«ዠ» ማን ሱቅ ይከፍታል?
አንድ ዣንጥላ ጠጋኝ ነበር፣ ሰይድ ኑሩ የሚባል፤
እሱንም በ«ጃ» ጻፍኩለት፤
እጄ የለመዳት እሷን ነበር።
እሱ ማንበብ አይችል፤ አመስግኖኝ፣
ሰሌዳውን በራሱ ተሸክሞ ሄደ።

በማግሥቱ ያን ጋዜጣ ፈታሁ።
ብሩሾቹ እንጨት ሆነዋል፤ አንዱ ብቻ ላላ።
ሱቋ ደጃፍ፣ የወደቀ ባነር ገልብጬ፣
በነጩ በኩል «ዠ» ጻፍኩ።
እጄ ከዳኝ። ፊደሏ ዘመመች፣
ዕቃ ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው።
ልደልዛት ስል ራውዳ ስልኳን ደግና
«አይንኩብኝ!» አለች።

ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ በባልዲ ሲደፋ፣
አንድ ባጃጅ በጎኔ አልፎ ጭቃ ረጨኝ።
ልሳደብ አፌን ስከፍት ጀርባውን አየሁት።
ቀይ ዣንጥላ፣ ሽቦው አንድ በኩል የወጣ፤
ከሥሩም በኔው ዘማማ እጅ
«ዣንጥላ ጠጋኝ ሰይድ ኑሩ»።

ሰይድ ከሞተ ስንት ዓመቱ።
ባጃጁ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ነበርና
ዝናብ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤
ከዚያም እንደገና።