መልስ

ደብዳቤው የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነበር፣
ልብስ ማጠቢያዬ ወለሉን ሲያንቀጠቅጥ፣ ድመቷ ስትዞር።
«ከሰኞ ጀምሮ፣ ከቤት የምትሠሩ፣
በየወንበራችሁ ተገኙ» ይላል መስመሩ።
ከዚያ ዝርዝር አለው፦ ጭምብል፣ የሙቀት ልክ፣
አሳንሰር ሁለት ሰው፤ ሳል ያለው ቤት ይቆይ፣ ያሳውቅ በስልክ።
«ደርሶኛል» አልኩና ላክሁት። ምን እላለሁ ሌላ?
አሥራ አራት ወር ሙሉ ቢሮዬ የኖረው ከምድጃዬ ኋላ።

ስልክ አገናኝ ነኝ። ትሪየስቴ ሆስፒታል ሲደወል
መጀመሪያ የምትሰሙት እኔን ነው፦ «ማንን ላገናኝ?» ስል።
ወረርሽኙ ሲገባ መስመሩን ጠቅልለው ቤቴ አመጡት፤
ሐኪሙንም ዘመዱንም ሽንኩርት በምልጥበት ጠረጴዛ አገናኘኋቸው፣ አንዱን ካንዱ ሳያዩት።

አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ኦታቪዮ፣ ከወደቡ ማዶ ጀልባ ጠጋኝ፣
ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ሳያሰልስ የሚያገኘኝ።
«ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ አሥራ አራት። ኤዳ ትባላለች።
ሾርባዋን ጠጣች ወይ? ጨው ሲያንስ ትተዋለች።»

አንድ ቀን መሃል ላይ ዝም አለ። ልብስ ማጠቢያዬ ያጓራል።
«ልጄ፣ የት ነሽ? አንዳች ሞተር ይሰማኛል፣ ይንኳኳል።»
ምላሴ ቀደመኝ፦ «እዚሁ ነኝ፣ ከእሷ ሥር፤
አንድ ፎቅ ነው የሚለየን። የአየር ማጣሪያ ነው ያ ነገር።»
«ተመስገን» አለ ሰውዬው። «ቅርብ ነሻ!
ቅርብ ሰው አላት ማለት ነው፣ የክፉ ቀን መሸሻ።»

ስምንት ኪሎ ሜትር ነበርኩ፣ በነጠላ ጫማ፣
እንኳን ሾርባዋን ላይ፣ ሳሏንም ሳልሰማ።
ውሸት እንደ ብድር ነው፣ በየማታው ወለድ አለው፤
«ዛሬም ከሥሯ ነሽ?» ይላል። «ነኝ» ነው ሁሌ የምለው።

በየካቲት፣ አንድ ማታ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ስልኩ ዝም።
ሳህን አጠብኩ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ሰኞ። ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተማውን ሲገርፍ
በሩ ላይ አንድ ጨርቅ አየሁ፣ እንደ ሸራ የሚንሳፈፍ፦
«እንኳን በደህና ተመለሳችሁ!»
መሰላል ላይ ቆሞ ገመድ የሚያጠብቀው
ሊቪዮ ነው፣ ጽዳቱ፣ ከዚህ በር አንድ ቀን ያልራቀው።
«ላንተስ ማን ሰቀለልህ?» አልኩት። ምስማር በጥርሱ እንደያዘ
«ኒቬስ፣ ተመለስክ የሚባል የሄደ ነው» አለ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ግን እንደቀዘቀዘ።
እጄን ዘረጋሁ፤ ክርኑን ሰጠኝ።
ከጆሮው ሥር የጭምብል ክር የበላውን ጠባሳ ሳይ ዓይኔ መሬት መሬት አለኝ።

ወንበሬ ያው ወንበሬ ነው። የቀን መቁጠሪያው መጋቢት ላይ ቆሟል፤
መሳቢያ ውስጥ የተውኩት ብስኩት ድንጋይ ሆኗል።
ስልኩን ሳልነካ ወጣሁ፣ በእግሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
አንድ ፎቅ ብዬው ነበር፤ ደረጃውን ስቆጥር ግን ሦስት፤
ቢሮዬ ብሆን ኖሮም፣ ያው ነበር ውሸት።

አልጋው ላይ ሌላ ሴት አለች፣ እግሯ የተሰበረ፣
መጽሔት ታገላብጣለች። መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበረ።
ሊቪዮ ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ጠየቅሁት። «ኤዳ?» አለ። አሰበ።
«ጨው ለማኟ! በኪሴ ነበር የማመጣላት፣ ነርሷ እያየች ዝም ስትል።»
«ከዚያስ?» አልኩት።
ውኃው ባልዲው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ።

ስልክ ስመልስ የኖርኩ፣ ይኸው ራሴ ተመለስኩ፤
መልሱን ግን፣ እንጃ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደረሳሁት አላወቅኩ።

ወርጄ ሳልደላደል ጮኸ። አንዲት ሴት ናት።
መኪና ማቆሚያው ስንት ነው ትላለች፣ በሰዓት።
ነገርኳት። ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ቀልድ፣
«አንቺ ግን እውነት እዚያ ነሽ?»
«እዚሁ ነኝ» አልኳት። «ምድር ቤት። ከሁሉም ሥር።»

ከላይ በኩል ባልዲ ሲጎተት ይሰማኛል።