ችካል ቁጥር አስራ ሰባት

ከኬሚሴ ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ሲርቅ፣
የባጃጁ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሲጠልቅ፣
«ከዚህ በእግርህ ነው» ብሎኝ ሾፌሩ፣
ወረድኩኝ ከሣሩ።

በር የለውም ጨፌው። ደረሰኝ የሚቆርጥ፣
ሰንሰለት የሚፈታ፣ መልስ የሚሰጥ፣
ማንም የለም።
ሁለት ሸንበቆ ተተክሎ፣ በፊላ ገመድ ተወጥሮ፣
ጎንበስ ያላለ እንዳያልፍ፣ ወገብ ላይ ታስሮ።

ጦይባ እንድሬ መጣች። የተራዋ ቀን ነው።
ቅሬው በየሳምንቱ ጠባቂ የሚሾመው
ወንድ ሴት ሳይለይ፣ በጭስ ቆጥሮ ነው።
ዱላዋ ከቁመቷ ይበልጣል፤
ጭቃ የጻፈበት መስመር አለው፤ እዚህ ጉልበት፣ እዚያ ወገብ ይላል።
«መግቢያው ስንት ነው?» አልኳት። እግሬን አየች።
«ጫማህን» አለች።
«ይሄ መሬት
በሶል አይረገጥም፤ እንቁላል አለበት።»

አወለቅኩ። ገባን።
ውሃው መጀመሪያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ለዘበ፣
ደንገሉ በግራ በቀኝ ራሱን አርገበገበ፣
ሳቢሳ አንድ እግሯን አጥፋ፣ እንደ ተቀጣች ተማሪ ቆማለች፣
ይብራ ጫጩቶቿን አሰልፋ በፊታችን ታቋርጣለች፣
ጦይባም መንገድ ለቃ፣
ትቆማለች ጠብቃ።

«ሰኔ ከገባ ማጭድ አይገባም፣
ኅዳር ሳያልቅ ከብት አይነዳም።
ሲታጨድ፣ የመጀመሪያው ሸክም
ባሏ ለሞተባት፣ ጣራዋ ለሚያፈስ፤
ሁለተኛው ለሙሽራ ጎጆ። የቀረውን እንካፈላለን።
የሰረቀ ከቅሬ ይወጣል። ሲሞት
ራሱን ይቅበር።»
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች።
«ወንድሜ ወጥቶ ነበር።
የውሃ ሞተር ተክሎ፣ ቦይ ቀዶ፣ ለሽንኩርት።
የነገርኩበት እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት
ሰላምታ አልነበረንም። ኋላ ያችን ቦይ
በገዛ አካፋው ደፈናት። ይኸው፣ እዚያ ላይ።»
አየሁ። ቦይ የለም።
ፊላ ብቻ ይወዛወዛል።

ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ አልቅት፣
ጥቁር ወይን አክሎ፣ የጠጣው ደም ከብዶት።
ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ጨው ነሰነሰች፣
«መግቢያ ጠይቀህ ነበር፤ ይኸው፣ ከፈልክ» አለች።

ከዚያ ደረስን።
ከደንገሉ መሃል የሲሚንቶ ችካል፣
ቀይ ቀለሙ ተልጧል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል፤
አስራ ሰባት።
የኔ ሰባት ነው፤ አንገቱን በጭረት የማቋርጠው።
ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከደሴ በመኪና መጥቼ፣
ሜትር ዘርግቼ፣ በመነጽር አሻግሬ አይቼ፣
በዚህ ውሃ ላይ መስመር አሥምሬ፣
«ረግረግ፤ ጠፍ መሬት፤ ውሃው ይንጣፈፍ» ብዬ ካርታው ላይ አሥፍሬ፣
ፈርሜ ሄድኩ። በጀቱ ጠፋና
ሳይቆፈር ቀረ።

«ይሄ» አለች ጦይባ፣ መዳፏን አናቱ ላይ አሳርፋ፣
«ወሰናችን ነው። ማጭድ ከዚህ አይለፍ ብለን
እዚሁ ነው የተማማልነው፤ ሸሆቹም ዱዓ ያደረጉበት።
ማን እንደተከለው አይታወቅም። ብቻ ማንም ይሁን፣
አላህ ይስጠው። አስቦልን ነው።»

«ሌሎቹስ?» አልኳት፤ አመለጠኝ።
ቀና ብላ አየችኝ።
«ሌሎች እንዳሉ ማን ነገረህ?»

ርኩም ከሩቅ ተነሳ። ክንፉ እንደ እርጥብ አንሶላ
ሲራገፍ ተሰማ።
አፌን ከፈትኩ። ገጠምኩ።
ሌላ አልጠየቀችኝም። ዱላዋን እየነከረች
ከፊቴ ሄደች፣
የምረግጥበትን እየለካችልኝ።

ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ጫማዬን ያዝኩ እንጂ አላጠለቅኩም።
ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቁርጭምጭሚቴ ገና ይደማል።
የአልቅት ቁስል
ቶሎ አይደርቅም።